ወንድሜን «ዓይን በላው» አሉ፣ እኔ ደግሞ የዘረመል ውጤት ይዤ ተቀምጫለሁ፤ ስለ ማርፋን የሚያውቅ አለ?

ቀጭኗ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ይህን ለመጻፍ ሁለት ሳምንት አመነታሁ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

የዛሬ ስድስት ዓመት ታላቅ ወንድሜ አዲስ አበባ ውስጥ በ34 ዓመቱ ሞተ። ምንም አልነበረበትም። ጠዋት ቁርሱን በልቶ፣ ሸሚዙን እየቆለፈ እያለ «ጀርባዬን ሰነጠቀኝ» ብሎ ቁጭ አለ። የወሰዱት ቦታ ጨጓራ ነው ብለው መርፌ ወግተው መለሱት። ማታ አለፈ። አስከሬኑ ይመርመር ያለ ሰው አልነበረም፤ በማግስቱ ቀበርነው። እናቴ እስከ ዛሬ «ቁመቱን ዓይን በላው» ነው የምትለው። 1 ሜትር ከ94 ነበር። ሰፈር ውስጥ «ፖሉ» ነበር የሚሉት።

እኔ ሜሪላንድ ነው የምኖረው። ባለፈው ጥቅምት መነጽር ላስቀይር ሄድኩ። ያየችኝ የዓይን ሐኪም ጠብታ ጨምራ ስታየኝ ቆየች፣ ቆየች፣ ከዚያ «ሌንስሽ ከቦታው ወደ ላይ ሸሽቷል። ልብሽን ታይተሽ ታውቂያለሽ?» አለችኝ። ዓይኔን ላሳይ ሄጄ ስለ ልቤ ስትጠይቀኝ የተሳሳተ ፋይል የከፈተች መስሎኝ ነበር። ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ተነሳሁ። ከልብ የሚወጣው ትልቁ የደም ቧንቧ፣ የአኦርታ ሥር 43 ሚሊሜትር ነው፣ ሰፍቷል አሉኝ። ከዚያ ምራቄን በቱቦ ላኩ። ውጤቱ ሲመጣ ኤፍቢኤን 1 የሚባል ጂን ላይ ለውጥ አለ ይላል፤ ሲስቲን የነበረው በታይሮሲን ተተክቷል፣ በሽታ አምጪ ነው ይላል። ማርፋን ሲንድሮም።

የዘረመል አማካሪዋ ደግ ሰው ነች። ግን 40 ደቂቃ በእንግሊዝኛ አውርታኝ፣ ወጥቼ መኪናዬ ውስጥ ስቀመጥ ጭንቅላቴ ውስጥ የቀረው «50 ፐርሰንት» የሚለው ብቻ ነበር። እስኪ በናታችሁ በአማርኛ አስረዱኝ። አንድ ጂን ዓይንንና ልብን እንዴት አንድ ላይ ይነካል? ወንድሜን የገደለው ይሄ ይሆን? ልጆቹስ? ሁለት ወንዶች ነው የተወው። ትልቁ 11 ዓመቱ ነው፣ ከእናቱ በላይ ሆኗል።

የፒያሳ ልጅ፦

ነፍሱን ይማረው፣ እግዜር ያጽናሽ እህቴ። እኔ የማውቀው ነገር የለም፣ ክሩን ለመከታተል ያህል ነው።

ላብራቶሪ አካባቢ፦

ነፍስ ይማር። የምሠራው ዘረመል የሚነበብበት ላብራቶሪ ውስጥ ነው። ሐኪም አይደለሁም፣ ስለዚህ ጂኑን ብቻ ላውራ።

ኤፍቢኤን 1 የሚገኘው 15ኛው ክሮሞዞም ላይ ነው። ከማርፋን ጋር መያያዙ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1991 ነው። የጂኑ ሥራ ፋይብሪሊን 1 ለሚባል ፕሮቲን መመሪያ መያዝ ነው፤ 2871 አሚኖ አሲዶች (የፕሮቲን መገንቢያ ቅንጣቶች) የተቀጣጠሉበት ረዥም ፕሮቲን። ሴሎች ሠርተው ወደ ውጭ ያወጡታል፣ ውጭ እርስ በርሱ እየተያያዘ ቀጭን ክር ይሆናል። የዓይን ሌንስን ዙሪያውን ወጥረው የያዙት ክሮች በአብዛኛው ከዚህ የተሠሩ ናቸው። አኦርታ ግድግዳ ውስጥ ደግሞ እንደ ላስቲክ የሚለጠጠው ኢላስቲን በእሱ ይደገፋል። ቆዳ፣ ሳንባ፣ አጥንት አካባቢም አለ። የዓይን ሐኪሟ ስለ ልብሽ የጠየቀችሽ ለዚህ ነው። ሌንስሽን የያዘው ክር ከላላ አኦርታሽን የያዘውም ላልቶ ይሆናል ብላ ነው። ጎበዝ ናት፣ አበባ ውሰጂላት።

አሁን ወደ አንቺ ለውጥ ልምጣ። ፋይብሪሊን ውስጥ 47 ተመሳሳይ ቁርጥራጮች አሉ። እያንዳንዱ ሲስቲን የሚባለው አሚኖ አሲድ ስድስት አለው። ስድስቱ ሁለት ሁለት እየሆኑ ይያያዛሉ፣ ሦስት ቁልፍ የተቆለፈ ማለት ነው፣ ልክ እንደ ሸሚዝ። አንቺ ጋ አንዱ ሲስቲን ጠፍቶ በቦታው ታይሮሲን የሚባል ሌላ አሚኖ አሲድ ገብቷል። ታይሮሲን ደግሞ አይቆለፍም። ጥንዱ ብቻውን ተንጠልጥሎ ቀረ። ያ ቁርጥራጭ በትክክል አይታጠፍም፣ ክሩም ደካማ ይሆናል። ሲስቲን የሚነኩ ለውጦች ያሉባቸው ሰዎች ላይ የሌንስ መንሸራተት ይበዛል። ያንቺ ታሪክ ከዚህ ጋር ይገጥማል።

ቀጭኗ፦

የሸሚዝ ቁልፍ ስትል ወንድሜ መጣብኝ። ሁለቱ ላይኞቹ ሳይቆለፉ ነበር የወሰዱት። ደህና ነኝ፣ ቀጥሉ።

ግራ የገባው፦

እኔ አንድ ነገር አልገባኝም። ጂን ሁለት ሁለት ነው አይደል፣ አንዱ ከእናት አንዱ ከአባት? አንዱ ቢበላሽ ሌላው ጤነኛ ነው። ለምን አይሸፍንለትም?

የሸማኔ ልጅ፦

ይህን ለእኔ ተዉልኝ። ሐኪም አይደለሁም ግን ሴት ልጄ ማርፋን አለባት፣ ዘጠኝ ዓመት ኖሬበታለሁ። አባቴ ደግሞ ሸማኔ ነበር።

ድር ስትሠራ ግማሹ ክር ጤነኛ ግማሹ ብስባሽ ሆኖ ተቀላቅሎ ገባ እንበል። ጤነኛው ክር ጨርቁን ያድነዋል? አያድነውም። ጋቢው የሚቀደደው በብስባሹ በኩል ነው። አባቴ አንድ ጊዜ ገበያ ላይ ርካሽ ማግ አታለውት ገዝቶ፣ ሠርቶ ከጨረሰ በኋላ ሁለት ጋቢ ፈትቶ ጥሏል። ፋይብሪሊንም ብቻውን አይሠራም፣ ተያይዞ ነው። የተበላሸው ከደህናው ጋር አብሮ ይሸመናል። ለዚህ ነው አንድ የተበላሸ ቅጂ የሚበቃው፣ ለዚህም ነው ወላጅ ካለበት እያንዳንዱ ልጅ ላይ 50 ፐርሰንት የሚሆነው። ደግሞ ተጠንቀቁ፣ ሳንቲሙ በእያንዳንዱ ልጅ እንደገና ነው የሚወረወረው። እኛ ቤት «የመጀመሪያዋ ላይ ስለወጣ ሁለተኛው ይድናል» ያሉ ዘመዶች ነበሩ። እንዲህ የሚባል ሒሳብ የለም።

ከሚስቴም ከእኔም አልተገኘም። ልጄ ላይ አዲስ የተፈጠረ ለውጥ ነው። ማርፋን ካለባቸው አራት ሰዎች አንዱ ገደማ እንዲህ ነው ተብሎ ነው የተነገረን። ስለዚህ «ቤተሰባችን ውስጥ የለም» ማለት ብቻውን አያስተማምንም።

ላብራቶሪ አካባቢ፦

የጋቢው ምሳሌ ቆንጆ ነው። ትንሽ ልጨምርበት። አንዳንዱ ለውጥ ክሩን አያበሰብሰውም፣ ጭራሽ እንዳይፈተል ያደርገዋል። ያኔ ያለው ክር ሁሉ ደህና ነው ግን ግማሽ ብቻ ነው፣ ጨርቁ ሳሳ ይሆናል። አንዳንድ ጥናቶች እንደዚህ ያሉ ሰዎች ላይ የአኦርታ ችግር እንደሚብስ አሳይተዋል። ጂኑ መሃል አካባቢ፣ ከ24ኛው እስከ 32ኛው ክፍል ያለው ላይ የሚወድቁ አንዳንድ ለውጦች ደግሞ ሕፃን ገና ሲወለድ ጀምሮ ከባድ የሚሆኑ ናቸው። በአጠቃላይ ግን ከለውጡ ተነስቶ የአንድን ሰው ዕጣ መናገር አይቻልም። አንድ ቤት ውስጥ፣ ፊደል በፊደል አንድ ዓይነት ለውጥ ይዘው፣ አንዱ በ30 ዓመቱ ቀዶ ጥገና ይገባል ሌላው አርጅቶም አያውቀው ይሆናል።

ደግሞ ነገሩ የክር ጥንካሬ ብቻ አይደለም። ድሮ እንደዚያ ይመስላቸው ነበር። ፋይብሪሊን ቲጂኤፍ ቤታ የሚባል የዕድገት መልእክተኛን ይዞ ያስቀምጣል፣ እንደ መጋዘን ማለት ነው። ክሩ ሲላላ መልእክተኛው ከልክ በላይ ይለቀቃል፣ የግድግዳው ሴሎች ያልተፈለገ ትእዛዝ ይደርሳቸዋል፣ ያልተፈለገ ሥራ ይሠራሉ። እ.ኤ.አ. በ2006 አይጦች ላይ በተሠራ ጥናት ሎሳርታን የአኦርታውን መስፋት አስቆመ ሲባል ዓለም ጮቤ ረገጠ። ሎሳርታን ማለት አገር ቤት ለደም ግፊት የሚታዘዘው ያው ርካሽ ክኒን ነው። በ2014 ግን 608 ሕፃናትና ወጣቶች ላይ አቴኖሎል ከሚባለው የልብ ምት የሚያረጋጋ ክኒን ጋር ሲያወዳድሩት በሦስት ዓመት ውስጥ ልዩነት አልተገኘም። ከዚያ የብዙ ጥናቶችን መረጃ አንድ ላይ ሰብስበው በ2022 ሲያዩት የሎሳርታን ቤተሰብ መድኃኒቶች መስፋቱን በግማሽ ያህል ያዘገያሉ የሚል ወጣ። ተአምር አይደለም። ግን ግማሽ ቀላል አይደለም።

ድሮ የማውቀው፦

ይቅርታ ግን ነገሩን አወሳሰባችሁት። አገራችን ውስጥ የወጣት የልብ ሕመም ቶንሲል ነው የሚያመጣው። በየወሩ ፔኒሲሊን መርፌ ትወጋ፣ ይድናል።

የየወሩ መርፌ፦

አይ ወንድሜ። በዚህ ላይ እኔ ልናገር። 14 ዓመቴ ላይ ልቤ ላይ ድምፅ ሰሙ። «የቶንሲል ነው፣ ሩማቲክ ነው» ተባልኩ። ኢኮ ያነሳኝ የለም። በየአራት ሳምንቱ ያንን መርፌ ለአምስት ዓመት ተወጋሁ። የተወጋ ያውቀዋል፣ ሁለት ቀን ያስነክሳል። ዩኒቨርሲቲ ስገባ አንድ ወጣት ሐኪም ኢኮ አነሳኝና ቫልቭሽ ጠባሳ የለውም፣ ላልቶ ወደ ኋላ የሚገለበጥ ነው፣ አኦርታሽም ሰፋ ብሏል አለኝ። ከዚያ ጣቶቼን፣ ክንዴን፣ ደረቴን ለካ። ማርፋን ነበር።

አልሰደብኳቸውም። እኛ አገር ሩማቲክ በእውነት ብዙ ነው፣ ድምፅ የሰማ ሐኪም መጀመሪያ እሱን ማሰቡ ልክ ነው። ግን ማሰብና መርፌ እየወጉ አምስት ዓመት መቀመጥ ይለያያል።

ነርስ ነኝ፦

ቀጭኗ፣ አይዞሽ እህቴ። ጀርመን ነው ያለሁት፣ የልብ ቀዶ ጥገና ክፍል ውስጥ ነው የምሠራው። ስለ ወንድምሽ የጠየቅሽውን ልሞክር።

ሰው «የልብ በሽታ» ሲባል ልቡ ራሱ የታመመ ይመስለዋል። ማርፋን ላይ ብዙውን ጊዜ አደጋው ያለው ከልብ በሚወጣው ትልቁ ቧንቧ ላይ ነው። ልብ በቀን 100,000 ጊዜ ያህል ይመታል። በእያንዳንዱ ምት አኦርታ ይለጠጣል፣ ይሰበሰባል። ምቱን መጀመሪያ የሚቀበለው ደግሞ ሥሩ ነው፣ ከቫልቩ በላይ ያለው ሽንኩርት የሚመስል ቦታ። የግድግዳው ሽመና ከሳሳ ሥሩ ቀስ እያለ ይሰፋል። በሰፋ ቁጥር ግድግዳው ላይ የሚያርፈው ውጥረት ይጨምራል፣ ስለዚህ የበለጠ ለመስፋት ይቀለዋል። ፊኛ የነፋ ያውቀዋል፣ መጀመሪያ ጉንጭህ እስኪያምህ ነው፣ አንዴ ከተለጠጠ በኋላ ግን ዝም ብሎ ይሄዳል።

ግድግዳው ሦስት ንብርብር አለው። የውስጠኛው ሲቀደድ ደም በንብርብሮቹ መሃል ገብቶ እየሰነጠቀ ይሄዳል። ሕመሙ እየጨመረ የሚመጣ አይደለም፣ ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ጀምሮ የመጨረሻው ነው። ደረት ላይ ወይም በሁለት ትከሻ መሃል። የሚገርመው ሕመምተኞቹ ራሳቸው «ተቀደደብኝ፣ ተሰነጠቀብኝ» ይላሉ፣ በየቋንቋው። ሳላየው እርግጠኛ ነኝ ማለት አልችልም። ግን ያ ቁመት፣ 34 ዓመት፣ ያ የጀርባ ሕመም፣ አሁን ደግሞ እህቱ ላይ የተገኘው ለውጥ። እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው እሱን ነው። የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ ደህና ሊመስል ይችላል፣ እንደ ሲቲ ስካን ያለ ምስል ካልተነሳ አይታይም። እንደዚህ ያለ ሕመምተኛ እዚህ አውሮፓም ጨጓራ ተብሎ ይመለሳል፣ አይቻለሁ።

አንድ ነገር ግን ልንገርሽ። እ.ኤ.አ. በ1972 በታተመ ጥናት ማርፋን ያለባቸው ሰዎች አማካይ የሞት ዕድሜ 32 ነበር። በ1995 በታተመው ደግሞ የሚጠበቀው ዕድሜ 72 ደረሰ። በመሃል ጂኑን ያስተካከለ ሰው የለም። ኢኮ፣ ክኒንና በጊዜው የተደረገ ቀዶ ጥገና ነው ያመጣው።

ቮሊቦል ድሮ፦

ይህን ሳነብ ፍሎ ሃይማን ትዝ አለችኝ። በዘመኗ የአሜሪካ ቮሊቦል ፊት ነበረች፣ 1 ሜትር ከ96፣ ስትመታ ኳሱ አይታይም። እ.ኤ.አ. በ1984 ሎስ አንጀለስ ላይ ከቡድኗ ጋር ብር አገኘች። ከዚያ ጃፓን ሄዳ ስትጫወት፣ ጃንዋሪ 24 ቀን 1986 ማትሱኤ በተባለች ከተማ ጨዋታ ላይ ተቀይራ ወጣች፣ ወንበር ላይ ተቀመጠች፣ እዚያው ወደቀች። 31 ዓመቷ ነበር። መጀመሪያ ሃርት አታክ ነው ተባለ። ቤተሰቦቿ አላመኑም፣ አስከሬኗ ይመርመር አሉ። አኦርታዋ ተቀዶ ነበር፣ ማርፋን። ስንት ዓመት ስትጫወት ማንም ልብ አላለም፣ ረዥም ናት፣ ክንዷ ረዥም ነው፣ ቮሊቦል ተጫዋች ናት፣ ማን ይጠረጥራል?

ከዚያ ወንድሟን መረመሩት። እሱም ነበረበት። ቀዶ ጥገና ተደረገለት።

ቀጭኗ፣ እኔ አንቺን ብሆን ዛሬውኑ ለወንድምሽ ሚስት እደውላለሁ።

ቀጫጭን ጣት፦

ቆይ ቆይ፣ እኛ አገር ግማሹ ሰው ረዥምና ቀጭን ነው። ሯጮቻችን ሁሉ ሊመረመሩ ነው? 😅 የአውራ ጣት ምርመራ የሚባለውን ኢንተርኔት ላይ አይቼ ሞከርኩ፣ ወጣልኝ። ኑዛዜ ልጻፍ?

የየወሩ መርፌ፦

ኑዛዜውን አቆየው። 😂 አውራ ጣትህን ወደ መዳፍህ አጥፈህ በአራቱ ጣት ትጨብጠዋለህ፣ የጣቱ ጫፍ አንጓ ሙሉ በሙሉ በትንሿ ጣት በኩል ከወጣ አንድ ምልክት ነው። ሌላው፣ የእጅህን አንጓ በሌላው እጅህ አውራ ጣትና ትንሿ ጣት ዙሪያውን ስትይዝ አውራ ጣት የትንሿን ጣት ጥፍር ከሸፈነ። ሁለቱም ካሉ 3 ነጥብ፣ አንዱ ብቻ ከሆነ 1 ነጥብ። ወደፊት የወጣ ደረት 2፣ የጎደጎደ 1፣ የጀርባ መጣመም 1፣ ያለምክንያት ሳንባ ተበስቶ ካወቀ 2፣ እንዲህ እየተባለ እስከ 20 ይቆጠራል። 7 እና ከዚያ በላይ ነው ትርጉም የሚሰጠው። እሱም ብቻውን አይበቃም፣ ከአኦርታው ልክ ወይም ከቤተሰብ ታሪክ ጋር ነው የሚታየው። ረዥም መሆን ለብቻው ነጥብ የለውም። ጣትህን ይዘህ በሰላም ተኛ።

እንጥል የለሽ፦

የእኔን ስሙ፣ ከአሳዛኙ ይልቅ አስቂኙ ያመዝናል። እኔም አኦርታዬ ሰፍቶ ተገኘ፣ ኤፍቢኤን 1 ግን ንጹሕ ሆነ። ሐኪሙ አፍሽን ክፈቺ አለኝ። ባትሪ አብርቶ አየ፣ ጠጋ ብሎ አየ፣ ጓደኛውን ጠራ፣ እሱም አየ። «እንጥልሽ የት ሄደ?» ይለኛል። እኔም በሕፃንነቴ አያቴ ያስቆረጠችኝ መሆኑን፣ እኛ ሰፈር ያልተቆረጠ ልጅ እንዳልነበር፣ ቆራጩም በፈረስ ጭራ እንደሚሠራ አስረዳሁት። አፉን ከፍቶ ነው የሰማኝ።

ለካ ሎይስ ዲትዝ የሚባል የማርፋን ዘመድ የሆነ በሽታ አለ፣ እ.ኤ.አ. በ2005 ነው ተለይቶ የታወቀው። እሱ ላይ እንጥል ለሁለት የተሰነጠቀ ወይም ሰፊ ይሆናል፣ ሐኪሞች በእሱ ይጠረጥራሉ። የእኔ ምልክት ግን የአያቴ ሰው ጋ ቀርቷል። 😂 ኋላ ላይ በጂን ምርመራ ቲጂኤፍቢአር 2 የሚባል ጂን ላይ ለውጥ ተገኘብኝ። የመልእክተኛው ተቀባይ ነው፣ ላብራቶሪው ልጅ መጋዘን ያለው ነገር ላይ ይገጥማል መሰለኝ።

ላብራቶሪ አካባቢ፦

ይገጥማል፣ አዎ። መጋዘኑም ቢበላሽ ተቀባዩም ቢበላሽ ያው መንገድ ነው የሚታወከው። ሎይስ ዲትዝ ግን አኦርታ ብዙ ሳይሰፋ ሊቀደድ ይችላል፣ ስለዚህ ቀዶ ጥገናው በትንሽ ልክ ነው የሚታሰበው። ኮል 3 ኤ 1 በሚባል ጂን ላይ የሚመጣው ኤለርስ ዳንሎስ የሚባል በሽታ ደግሞ ሌላ ነው፣ የደም ሥሮቹ ራሳቸው የሚፈነዱበት። የትኛው ጂን እንደሆነ ማወቅ የሚጠቅመው ለዚህ ነው፣ ስሙን ለማወቅ ብቻ አይደለም። የእንጥሉን ነገር ግን ሰምቼ አላውቅም ነበር፣ ነገ ሥራ ቦታ አወራዋለሁ።

ያልተለየለት፦

የእኔ ውጤት «ትርጉሙ ያልታወቀ ለውጥ» ይላል። ይሄ ምን ማለት ነው? አለብኝ ወይስ የለብኝም?

ላብራቶሪ አካባቢ፦

አይታወቅም ማለት ነው፣ በእውነት። የተጻፈውን ፊደል አይተነዋል፣ በሽታ ያምጣ አያምጣ ግን በቂ መረጃ የለንም። እኛ አፍሪካውያን ላይ ይሄ ይበዛል፣ ምክንያቱም የንጽጽሩ መዝገብ አብዛኛው የተሞላው በአውሮፓ ዝርያ ሰዎች ነው። እነሱ ጋ ያልታየ እኛ ጋ ግን የተለመደ የሆነ ለውጥ ሲመጣ ማሽኑ ግራ ይጋባል። በዚህ ውጤት ተነስተህ መድኃኒት አትጀምር፣ በዚህ ውጤት ተነስተህ ነጻ ነኝም አትበል። ኢኮህን ቀጥል፣ ላብራቶሪውን በዓመት በሁለት ዓመት «ተቀየረ ወይ?» ብለህ ጠይቅ። ይቀየራል። የታመመ ዘመድ ካለህ እሱም ላይ ያው ለውጥ መኖሩን ማየት ብዙ ይረዳል።

ጡረተኛው፦

ልጆቼ፣ ሁሉንም አነበብኩት። እኔ የምጨምረው የለኝም፣ ጸበል መጠመቅ ግን አትርሺ ልጄ። ብዙ ሰው ድኗል።

ነርስ ነኝ፦

ጋሼ፣ እርስዎ ያሉት ልክ ነው፣ ትጠመቅ። እኔም እናቴ የላከችልኝን ጸበል ፍሪጅ ውስጥ አለኝ። ግን ክኒኑን አቁሚ የሚል ሰው ካለ አትስሚው ይበሉልኝ። ጸበሉንም ጠጪ፣ ኢኮውንም ተነሺ።

ጡረተኛው፦

ክኒን አቁሚማ እንዴት እላለሁ። የእኔ የግፊት ክኒን ራሱ ስድስት ነው።

ነርስ ነኝ፦

አንድ የረሳሁት፣ ለአገር ቤት ሰዎች በተለይ። ሲፕሮ። ተቅማጥ ሲያዝ፣ ሽንት ሲያቃጥል፣ ከመድኃኒት ቤት ዝም ብሎ የሚገዛው ሲፕሮፍሎክሳሲን። እሱና ዘመዶቹ አኦርታ ላይ አደጋ ሊጨምሩ ይችላሉ ተብሎ የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ ላይ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል፣ ማርፋን ያለባቸው ሰዎች በስም ተጠቅሰው። ሌላ አማራጭ ካለ ሌላ ይታዘዝልህ። የመድኃኒት ቤት ልጅ አይጠይቅህም፣ አንተ ነህ የምትነግረው።

ከባድ ብረት ማንሳት፣ ትንፋሽ ይዞ መግፋትም ይቅር። መራመድ፣ ቀስ ያለ ሳይክል ደህና ነው።

ልታገባ ያለች፦

እኔም አለብኝ፣ 24 ዓመቴ ነው። መውለድ እችላለሁ?

ነርስ ነኝ፦

ብዙዎች ወልደዋል። ግን ከማርገዝሽ በፊት ነው ሐኪም ጋ የሚኬደው፣ ካረገዝሽ በኋላ አይደለም። የአኦርታሽ ሥር ከ45 ሚሊሜትር ካለፈ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ ቀዶ ጥገና ነው የሚሉሽ። ከ40 በላይ ከሆነ ደግሞ በቅርብ መታየት አለብሽ። ሎሳርታን የምትወስጂ ከሆነ ለጽንሱ አደገኛ ነው፣ ቀድሞ ይቀየራል። በውስጥ መስመር ጻፊልኝ የኔ ቆንጆ።

ቀጭኗ፦

የእኔ 43 ሆኖ ለምን ቀዶ ጥገና አላሉኝም? ልጠይቅ ብዬ ረሳሁት።

ነርስ ነኝ፦

ያለ ሌላ አደጋ 50 ሚሊሜትር ላይ ነው የሚደረገው። ቤተሰብ ውስጥ አኦርታው የተቀደደ ሰው ካለ ወይም በዓመት 3 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ ከጨመረ ግን 45 ላይ ያወርዱታል። ስለዚህ የወንድምሽን ታሪክ ለልብ ሐኪምሽ ንገሪው፣ «ሸሚዙን እየቆለፈ» ከሚለው ጀምረሽ። የአንቺን ቁጥር ይቀይረዋል።

የሸማኔ ልጅ፦

ቀዶ ጥገናው ራሱ ያስፈራል ግን ይለመዳል። ድሮ ሥሩንም ቫልቩንም አንድ ላይ አውጥተው ብረት ቫልቭ ያስገቡ ነበር፣ ከዚያ ዕድሜ ልክ ደም ማቅጠኛ። አሁን ቫልቩ ደህና ከሆነ የራስን ቫልቭ ትተው ቧንቧውን ብቻ ይቀይራሉ።

እኔን ግን ከሁሉም የገረመኝ አንድ እንግሊዛዊ መሐንዲስ ነው፣ ታል ጎልስዎርዚ የሚባል። ማርፋን ነበረበት። ሐኪሞቹ የነገሩትን ሁለቱንም አማራጭ አልወደደውም። የራሱን አኦርታ በስካን አስለክቶ፣ በልኩ ከውጭ የሚጠመጠም የተጠለፈ መረብ አሠራ፣ እ.ኤ.አ. በ2004 መጀመሪያ የተገጠመለትም እሱ ራሱ ነው። ከዚያ በኋላ ለሌሎች ብዙ ሰዎች ተሠርቷል። ለአባቴ ስነግረው ለረዥም ጊዜ ዝም ብሎ ቆይቶ «ማጉ ምንድነው?» ነው ያለኝ። በሽታውን ሳይሆን ማጉን። ፖሊስተር ነው አልኩት። «ሊሆን ይችላል» አለ።

ቀጭኗ፦

(ከአምስት ሳምንት በኋላ)

ተመልሼ መጣሁ። ጠፋሁ አይደል።

የወንድሜን ታሪክ ለሐኪሜ ነገርኩት፣ እንዳለችው። ጽፎ ጨረሰና ብዕሩን አስቀመጠ። አሁን በየስድስት ወሩ ነው የምታየው፣ 45 ላይ እንነጋገራለን ብሏል። ሎሳርታን ጀምሬያለሁ፣ መጀመሪያ ትንሽ አዞረኝ፣ አሁን ተላመድኩ።

ልጆቹ አዲስ አበባ ኢኮ ተነሱ። ለጂን ምርመራው ደም የሚላክበት መንገድ ገና እየተፈለገ ነው፣ ግን ሐኪሙ ኢኮውና የዓይን ምርመራው ለጊዜው ይበቃናል ብሏቸዋል። ትንሹ ደህና ነው። ትልቁ 31 ሚሊሜትር፣ ለሰውነቱ ልክ ሲሰላ 2.6 የሚሉት ቁጥር ወጣ፣ ከ2 በላይ ሰፍቷል ማለት ነው። እናቱ ስታወራኝ ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም፣ እኔ ነኝ ያለቀስኩት። ክኒን ታዞለታል። ልጁ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ በረኛ መሆን ይችላል ወይ። ሐኪሙ ከጓደኞችህ ጋር ሰፈር ውስጥ፣ ሲደክምህ እየወጣህ፣ ውድድር ግን አይሆንም ብሎታል። አኩርፏል።

ባለፈው እሑድ በቪዲዮ ሁላችንም ተደዋወልን። ልጁ ለአያቱ የአውራ ጣቱን ነገር እያሳያት ነበር፣ እንደ ጨዋታ፣ «እዪ ወጣ፣ እዪ» እያለ። እናቴ ዝም ብላ ታየው ነበር። ከዚያ እኛን ሳታይ ነጠላዋን ሰብሰብ አደረገችና ቀኝ እጇን አወጣች። አውራ ጣቷን አጥፋ ጨበጠች። 63 ዓመቷ ነው፣ ጣቶቿ በሥራ አልቀዋል። ጥፍሩ፣ ከጥፍሩም በታች ያለው አንጓ፣ በትንሿ ጣቷ በኩል ወጥቶ ቆመ።

ለብዙ ጊዜ አየችው። «እንግዲያው ዓይን አይደለም በሉኛ» አለች።

ነርስ ነኝ፦

ኢኮ ቀጠሮ ያዛችሁላት?

ቀጭኗ፦

ሐሙስ ጠዋት። ቁርስ ይበላል ወይ ብላ ጠየቀችኝ።

ነርስ ነኝ፦

ትብላ። ቁጥሩን በሚሊሜትር ጻፊልን።